የበረቱ በር ሰሌዳ

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ደረስኩ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ አልፈታሁትም።

ይህን ደብተር የገዛሁት የእትዬን የመድኃኒት ሰዓት ልመዘግብበት ነበር። ገጹ ብዙ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ባዶ ገጽ አይቶ ዝም ማለት አይችልም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ፋይል አልጠፋብኝም፣ አንድ ቀን አሳስቼ አልጻፍኩም። ይህን ጉራ ለማን እንደምነዛ እንጃ።

እትዬ ቀኝ ጎኗ በድን ሆኗል። ትሰማለች፣ ሁሉም ነገር ይገባታል፣ ግን አንድ ቃል አይወጣትም። ግራ እጇ ደህና ነው። ትራሷ አጠገብ ከፍየል አንገት የወለቀ ቃጭል አስቀምጠውላታል፤ ሰው ስትፈልግ ታቃጭላለች። ታላቅ እህቴ በቃጭል ስትጠራኝ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለብኝ ግራ ገባኝ።

ቃጭሉን ያመጣላት ሠራተኛው ነው። ጄኔራሉ ይባላል። ዳክዬዎቹን አሰልፎ ስለሚነዳ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ስልሳውን ያለፈ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወልቅ ሰው ነው። ገና ከመኪና ሳልወርድ ወተት ሳሞቅ በእጄ ጀርባ እንድሞክረው መከረኝ። አመሰገንኩት። ማን ጠየቀው?

ሌላው ሰው መበለት ስትሆን ልጆቿ ዘንድ ትገባለች። እህቴ ልጅ የላትም፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ይህን የገጠር ቤት የበሽተኛና የእናት አልባ እንስሳ መጠጊያ አድርጋዋለች። ስድስት ዳክዬ፣ ክንፉ የተሰበረ ዝይ፣ ሁለት ግልገል፣ ሽማግሌው የሚባል ፍየል፣ እና ወይዘሮ የምትባል አንድ ዓይን ያላት ውሻ። ወይዘሮ ከእትዬ አልጋ ሥር አትወጣም። ስገባ በዚያች አንድ ዓይኗ ከእግሬ እስከ ራሴ መዘነችኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ዛሬ የቤቱን ሕግ አየሁ።

በበረቱ በር ላይ ከተዘጋ ትምህርት ቤት የመጣ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ መስመር አለው። ማታ ያበላው ሰው ይሞላል፦ ከበላ ክብ፣ ካልበላ ኤክስ። ከላይ በነጭ ቀለም በእትዬ እጅ ጽሑፍ «ሦስት ኤክስ፣ ክርክር የለም» ይላል። ሦስት ማታ በተከታታይ ያልበላ እንስሳ የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ይወጋዋል፤ ያበቃል። ሕጉን ያወጣችው ከዓመታት በፊት አንዲት በቅሎ ታማባት፣ ስለምወዳት ነው እያለች አርባ ቀን ካሰቃየቻት በኋላ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ በራሷም ፍቅር አታምንም።

ፍየሉ ሽማግሌው ሦስት ኤክስ ሞልቶ ሐኪሙ መጣለት። ሰሌዳውን አነበበ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጋው። ሆዱን እንኳ አልዳበሰም። ለምን እንዳልመረመረው ስጠይቀው እየሳቀ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይሄ ሰሌዳ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም» አለኝ።

የእትዬ አልጋ ከመስኮቱ ጋር ተያይዞ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ልክ ፊት ለፊቷ ነው። ፍየሉ ሲወሰድ አየች። ቃጭሉን አልነካችም። ሕጓ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ አሠራር ደስ ይለኛል። ጭቅጭቅ የለውም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

እንግዳ መጣብን። እናቱን አስፋልት ላይ መኪና የገጫት፣ ዐሥር ቀን ያልሞላው ውርንጭላ። ሐኪሙ በመኪናው ኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣው። አንድ ጉልበቱ አብጧል፤ ያነክሳል። ጄኔራሉ ስሙ «እንግዳ» ይሁን አለና ሆነ። እትዬ መስኮቱ ላይ ሆና ስታየው ፊቷ በደህናው በኩል ፈገግ አለ። ስመጣ ለእኔ እንዲህ አላለም። ይህን የምጽፈው ቅር ብሎኝ አይደለም፤ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

የመጀመሪያውን ጡጦ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ወተቱ ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር። ጮኸ፣ ወደ ኋላው ሸሸ፣ ምላሱን አውጥቶ ተንቀጠቀጠ። ጄኔራሉ ጡጦውን ከእጄ ወስዶ በእጁ ጀርባ ሞከረው። ከስድብ ይብሳል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

አልጠጣልኝም። ጡጦውን ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ከጄኔራሉ ጠጣ። ክብ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ነርሷ ዓርብ ዓርብ በሞተር ሳይክል ትመጣለች። የእትዬን ግፊት ለካች፣ ጀርባዋን አየች፣ ጎበዝ አስታማሚ ነሽ አለችኝ። ከዚያ በእትዬ የታችኛው ከንፈር ላይ ያለውን ውሃ የቋጠረ ቁስል አየችና ምንድነው አለችኝ። ሾርባው ሞቅ ብሎ ነበር አልኳት። እውነቴን ነው። መናገር ለማትችል ሰው ማንኪያ መያዝ ቀላል ይመስላታል። እትዬ በቃኝ ስትል በምን አውቃለሁ? አፏን ትዘጋለች፤ ግማሹ አፏ ደግሞ ድሮውንም አይዘጋም።

ነርሷ ስትወጣ፣ እትዬ ምግብ ሁለት ቀን ከተወች ሳልውል ሳላድር እንድደውልላት አስጠነቀቀችኝ። በቱቦ መመገብ ሊያስፈልግ ይችላል አለች። በደብተሩ ሽፋን ላይ ስልኳን ጽፌያለሁ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሁለት ሳምንቱ ዛሬ ሞላ። ማንም አላስታወሰም።

ሻንጣዬ አሁንም አልተራገፈም። የሚያስፈልገኝን ከላይ ከላይ እየጎተትኩ እለብሳለሁ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ዝናብ። የበረቱ ጣሪያ ያፈሳል። እንግዳ ተቅማጥ ይዞታል፤ ጉልበቱም አልሻለውም። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶት፣ እየጠጣ ከሆነ ይድናል ብሏል። ማታ ማታ ስቀርበው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ማር ጣቴ ላይ ቀብቼ፣ ዘፍኜ፣ ተንበርክኬ ለመንኩት። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ለአህያ ተንበርክኬ አላውቅም ነበር።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው።

ከምሳ በኋላ ልብስ ላሰጣ በጓሮ ዞርኩ። የእትዬ መስኮት ተከፍቷል። ጄኔራሉ ከውጭ ቆሞ እንግዳን አንገቱን ይዞታል። እንግዳ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገብቶ ይጠባል፤ ጡጦውን የያዘችለት እትዬ ናት፣ በግራ እጇ። ጅራቱን ያወዛውዛል። አረፋው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ጡጦው ሲያልቅ እጇን ላሰ፣ እሷም ግንባሩን በግንባሯ ነካችው። ጄኔራሉ የሆነ ነገር ብሏት ሳቀች። ድምፅ የላትም እንጂ ሳቅ ነበር።

ልብሱን ሳላሰጣ ተመለስኩ። ማታ ጄኔራሉን ስንት ቀን ሆናችሁ ብዬ ጠየቅኩት። ከመጣ በሦስተኛው ቀን ነው የጀመርነው አለኝ። በየቀኑ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ አንድ ሙሉ ጡጦ። ጠዋትም እሱ ያጠጣዋል። ለምን አልነገርከኝም ብለው፣ «እርስዎ እንዳይከፋዎት ብለን ነው» አለ። ብለን! መማክርት ሆነዋል።

አልከፋኝም። እኔ ቂም የሚባል ነገር አላውቅም። ባውቅ ኖሮ የምይዘው ሌላ ነገር ሞልቶኛል። እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እትዬ ሃያ። «ሚጡዬ፣ ለሁለት ሳምንት ነው» ብላ አክስታችን ዘንድ ላከችኝ። ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። በዚያው ሳምንት እናቷ የሞተችባትን የበግ ግልገል ግን ከምድጃው አጠገብ አስተኝታ በጡጦ አሳደገቻት። በኋላ በሰው ሰማሁ። አንድም ቀን አላነሳሁባትም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት። ለምን አሁን እንደጻፍኩት አላውቅም፤ ዝናቡ ነው መሰለኝ።

ከነገ ጀምሮ ማታ የማበላው እኔ ብቻ ነኝ። ጄኔራሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ይግባ። አንድ ሰው ኃላፊ መሆን አለበት።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አቀረብኩለት። አልጠጣም። ሕጉ ማታ ያበላው ይሙላ ነው የሚለው፤ ስለ እኩለ ቀን የሚል ነገር የለውም።

ኤክስ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ዛሬም። ኤክሱን ሳደርግ ቃጭሉ ጮኸ። ገብቼ ውሃ ሰጠኋት። ብርጭቆውን በእጇ ገፋችው፤ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። ገባኝ አልኳት። ትራሷን አስተካከልኩላት።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ሦስተኛ።

ቃጭሉ እስክጨርስ ድረስ አላቆመም። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። እንዲህ ስትሆን ግፊቷ ይጨምራል ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁት። ለሐኪሙ ደወልኩ፤ ነገ ጠዋት ይመጣል።

ጭድ አልቋል። ጄኔራሉ ነገ ማለዳ ጋሪ ይዞ ሄዶ እንዲያመጣ ነገርኩት። ሰሞኑን ማምጣታችን አይቀርም ነበር።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሐኪሙ በሦስት ሰዓት መጣ። ሰሌዳውን አነበበ። ዛሬ ግን ወዲያው እጁን አልታጠበም። እንግዳን አገጩን ይዞ ቀና አደረገው። ዓይኑ ንቁ ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቀን ላይስ? ቀንም አይጠጣም?» አለኝ።

«ሰሌዳው ያው» አልኩት።

ከቤት ውስጥ ቃጭሉ ይጮሃል። የተዘጋው መጋረጃ ይነቃነቃል። ሐኪሙ ቀና ብሎ፣ «እትዬ ምነው?» አለ። ውሃ ጠምቷት ይሆናል፣ አሁን እሰጣታለሁ አልኩት። እሱ ሰሌዳውን እንደገና አየ። ከላይ ያለውን የእትዬን ጽሑፍም አየ። አሥራ አንድ ዓመት ያመነውን ነገር የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም።

አንገቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ አልሸሸኝም። መርፌው ሲገባ ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ ጣለው፤ እንዴት ከባድ ነበር። ከእኔ ጋር ሲረጋጋ የመጀመሪያው ነው። ሰው አያምነኝም እንጂ አለቀስኩ።

ቃጭሉ ያቆመው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

ጄኔራሉ ከሰዓት በኋላ ከጭዱ ጋር ደረሰ። ጉድጓዱን ሐኪሙ ቆፍሮ ሄዷል፤ አፈሩ ትኩስ ነው። ጄኔራሉ ባርኔጣውን አወለቀ። መላጣ መሆኑን ዛሬ አወቅኩ። «ጠዋት ስሄድ አንድ ሙሉ ጡጦ ጠጥቶልኝ ነበር እኮ» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው። ጭዱን አራግፍ አልኩት።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

እትዬ ቁርስ አልበላችም። ምሳ አልበላችም። ነርሷ ስትመጣ ኩርፊያ ነው አልኳት፤ በአህያ ምክንያት። ነርሷ እንስሳ ወዳድ ሰው እንዲህ ነው ብላ የእትዬን እጅ ዳሰሰች። እትዬ የነርሷን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያስለቀቅናት።

ሾርባውን ወይዘሮ ጨረሰችው።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ከእጄ አትበላም። ማንኪያውን ሳቀርብ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ግን እንደ ተራበ ሰው አይደለችም። ጉንጯ ቀላ ብሏል። ነገሩ አልገባኝም።

ለነርሷ እንዲመች ብዬ ትንሽ ሰሌዳ አልጋዋ ራስጌ ላይ ሰቅያለሁ። ከበላች ክብ፣ ካልበላች ኤክስ። ለመረጃ ያህል ነው።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ገባኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ በጓሮ ዞርኩ። መስኮቱ ተከፍቷል። ጄኔራሉ ከውጭ ቆሞ የተቀቀለ እንቁላል በቢላ ጫፍ እየቆረሰ ያጎርሳታል። እያንዳንዱን ቁራሽ በከንፈሩ ነክቶ ትኩሳቱን ይሞክራል። እሷም አፏን ትከፍታለች። እንቁላል፣ ዳቦ፣ የተፈጨ ሙዝ። ከቤቱ ነው የሚያመጣው። ወተት ቢፈስባት በባርኔጣው ጫፍ ጠረገላት፣ ያ ባርኔጣ ስንት ዓመት እንዳልታጠበ እሱ ይወቀው። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ተጠረገች።

በዚያው መስኮት። በዚያው ሰዓት።

ጄኔራሉን እረፍት ሰጠሁት። ልጁ ዘንድ ሄዶ እንዲሰነብት ነገርኩት፤ ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ፊቱን አላጠቆረም። እርስዎን ማን ያግዝዎታል ብሎ ጠየቀኝ። ዳክዬዎቹን ተሰናብቶ ሄደ።

መስኮቱ ይነፍሳል። በምስማር መታሁት።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

አልበላችም። ኤክስ። ውሃ ትጠጣለች። የፊተኞቹን ኤክሶች ጠርጌ ቆጠራውን ከዛሬ ጀመርኩ፤ ለካ በመስኮቱ ስትበላ ነበር።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሾርባውን አቀዝቅዤ፣ በእጄ ጀርባ ሞክሬ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ለመንኳት። አንቺን ብዬ ቤቴን ዘግቼ መጣሁ አልኳት። ጀርባሽን የማጥበው፣ አንሶላሽን የምቀይረው እኔ፤ እንቁላል አጉራሹ ይወደዳል አልኳት። አልፎ አልፎ ድምፄ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ወይዘሮ አጉረመረመችብኝ።

ኤክስ።

ነርሷ ደወለች። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ስለቆረጠው ነገ መምጣት አትችልም። እትዬ እየበላች ነው ወይ አለችኝ። ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች አልኳት። በዚህ ዝናብ ሰው ማስጨነቅ ምን ይሠራል? ነገ ትበላለች።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ፤ የተጻፈው ካልተነበበ በዚያ ምክንያት ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሾርባውን አመጣሁ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኖቿ ገብተዋል። ማንኪያውን አፏ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አልከፈተችም። ሾርባው በአገጯ ወርዶ ትራሱ ውስጥ ገባ። ከዚያ ያንን ነገር አልኳት፤ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን።

«አንድ ጊዜ ከእጄ ብትበዪ ምን ይጎድልብሻል? እኔስ እናቴ ሞታብኝ አልነበር?»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እንባዋ በደህናው ዓይኗም በታመመውም ወረደ። እጇን ዘረጋች። ልትዳብሰኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

ጠመኔውን ነው የፈለገችው። ለሰሌዳው ብዬ በሌላው እጄ ይዤው ነበር፤ ከጣቶቼ መሃል ወሰደችና ትንሹን ሰሌዳ ወደ ራሷ ሳበች። ሁለቱን ኤክስ ቆጠረች። ሦስተኛውን ራሷ አደረገችው። ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ በግራ እጅ የተጻፈ የማይመስል ኤክስ። ከዚያ ጠመኔውን መልሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ጎረቤት የሚባለው ቤት ሩቅ ነው። መንገዱ ተቆርጧል። ምስማሩን በመዶሻ ጀርባ ነቀልኩት። መስኮቱን ከፈትኩት። ከውጭ ማንም አልነበረም።

አሁን እየወጣሁ ነው። ጄኔራሉ ያለበትን አውቀዋለሁ፤ የልጁ ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አብሮኝ መጣ። ጭቃ እስከ ጉልበታችን። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ ስንተኛ ቀኗ ነው አለ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ቀደመኝና አልጠበቀኝም።

የእትዬ ክፍል ደጃፍ ላይ ግን ቆመ። እርስዎ አይግቡ አለኝ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ከቢሮዬ በር ሳስወጣ ኖሬ እንዲህ ያለ ትሕትና አላየሁም። አልገባሁም።

በመጀመሪያ በጥጥ ውሃ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ወተት። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ማንኪያው ከጥርሷ ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ። ስምንት ማንኪያ ቆጠርኩ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ወንዙ ጎድሎ ነርሷ መጣች። ለጥቂት ነው የተረፈችው አለች። እኔን አላናገረችኝም፤ ትእዛዙን ሁሉ ለጄኔራሉ ነገረችው። እሱ አይጽፍም፣ ግን አይረሳም። በደብተሩ ሽፋን ላይ ያለውን ስልኳን አየሁት። ዐሥር አኃዝ ነው። ያን ያህል ከባድ አልነበረም።

እኔ አሁን የማበላው ዳክዬዎቹን ነው። ከማንም እጅ ይበላሉ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሻንጣዬን ዘጋሁ። ብዙም የሚዘጋ አልነበረውም።

ሐኪሙ ዛሬ ለዝዩ ክንፍ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ከመምጣቱ በፊት ወደ በረቱ በር ሄድኩ። የእንግዳ መስመር እስካሁን አልተነካም፤ እዚህ ቤት የጻፈው ሰው ካልሆነ ሌላ ሰው አያጠፋም። መጋረጃው ተከፍቷል። እትዬ በትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ወይዘሮ አጠገቧ። ሁለቱም ያዩኛል።

ሦስቱን ኤክስ በጨርቅ ጠረግኩ። በቦታቸው ሦስት ክብ አደረግኩ። በዚህ ደብተርም አስተካክዬ እጽፋለሁ፣ መዝገብ እንዲህ ነው የሚታረመው፦

ሰኔ 23፣ እንግዳ ጠጥቷል።
ሰኔ 24፣ ጠጥቷል።
ሰኔ 25፣ ጠጥቷል። በሦስቱም ቀን ከእህቴ እጅ ጠጥቷል። አውቅ ነበር።

ሐኪሙ መጣ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሰሌዳውን አነበበ። እንግዳ የሚለው መስመር ላይ ቆመ። ጠመኔ የነካው እጄን አየ። አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝም ይሻለኝ ነበር። ወደ ጄኔራሉ ዞሮ፣ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን በእጄ ሳልዳብስ መርፌ አላወጣም አለው። ከዚያ ሰሌዳውን ሳያይ ወደ ዝዩ ሄደ።

እኔ ወደ መስኮቱ ተመለከትኩ። ክቦቹን አይታለች፤ ሦስቱንም። ቃጭሉ አጠገቧ ነው። አንዴ ብታቃጭል እገባለሁ ብዬ ጨርቁን ይዤ ቆምኩ። እትዬ እጇን ዘረጋች፤ ቃጭሉን አለፈችው፤ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች። በአንድ እጅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሁለት ጊዜ ተያዘባትና ለቀቀችው፣ እንደገና ሳበችው። እስከ መጨረሻው ዘጋችው።